ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ሂልከ ደጃፍ

ዓሣ ሻጩ ቲመን ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አራተኛ መስኮት ፊት ቆሞ፣ ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር ይለማመጥ ነበር። ወንበሩ ከዓሣ መሸጫው ፊት ለፊት ዘጠኝ ዓመት የቆመ፣ አራት ሰው የሚያስቀምጥ የጣውላ ወንበር ነው፤ የሰፈሩ አሮጊቶች በሦስት ዩሮ ከሃምሳ ጥሬ ሄሪንግ በሽንኩርት ገዝተው፣ ዓሣውን በጅራቱ አንጠልጥለው፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ከዋጡ በኋላ ጉልበታቸውን የሚያሳርፉበት። ጥፋቱ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። ያን ያህል ወደ እግረኛ መንገዱ ገብቷል። ጸሐፊዋ ይህን ስትነግረው ድምፅዋ በሽተኛ የምታስታምም ያህል የለሰለሰ ነበር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲያነሳው፣ ካላነሳ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥቶ እንደሚጭነው፣ የመጫኛውንም እሱ እንደሚከፍል አስረዳችው፤ ከዚያ መልካም ቀን ተመኘችለት።

ቲመን አልሄደም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ያ ሐሺሽ ቤት፣ ሰማያዊው ዳክዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሕግ የተከለከለ ዕቃ በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል። እናንተም ሃያ ዓመት ሙሉ እያያችሁ ታልፉታላችሁ። የኔን ጣውላ ማለፍ ምነው አቃታችሁ?»

ጸሐፊዋ አልተቆጣችም። ጥያቄው ተገቢ መስሎ ስለታያት ትንሽ አሰበችበት።

«ለሐሺሽ ፖሊሲ አለን፣ አቶ ቲመን» አለች። «ለአግዳሚ ወንበር ግን ፖሊሲ የለንም። ሕግ ብቻ ነው ያለን።»

ኦኖ ይህን የሰማው ከኋላቸው፣ ከቡና ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ነው። ወንበሩን የለካው እሱ ነበር። ባለፈው ወር በዝናብ ተንበርክኮ፣ ከጠርዙ እስከ መንገዱ ነጭ መስመር ሜትሩን ዘርግቶ፣ አርባ ብሎ ጽፎ ሄዷል፤ ቲመንም ያን ቀን ለብርዱ እንዲሆነው ብሎ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶታል። ኦኖ ዓሣውን ተቀብሎ በላ፣ ቁጥሩን ግን አልቀነሰም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማዋ ለካሚ ሆኖ ሲኖር የሰውን ነገር ለሌሎች ትቶ የሜትሩን ብቻ የያዘ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ስለ ሰዓት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ አየሩ ሲከራከሩ እሱ ዝም ይላል፤ የአንድ ግድግዳ ቁመት ሲነሳ ግን ቀና ይላል። አሁን ፊቱን በወረቀት ኩባያው ሸፍኖ፣ ቲመን ኮፍያውን አጥልቆ እስኪወጣ ጠበቀና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፤ አለቃው ባስቲያን ይፈልገው ነበር።

ባስቲያን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ቢሮው ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፣ ጠረጴዛው ደግሞ ቁልፍ ሲነኩት ከፍና ዝቅ የሚል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ባስቲያን ነገር ሲከብደው ጠረጴዛውን ከፍ ያደርጋል። ኦኖ ሲገባ ጠረጴዛው ደረቱ ጋ ደርሷል።

«የትምህርት ቤቱን አዲሱን የጓሮ በር አይተኸዋል?» አለው።

«አላየሁትም።»

«አንድ ወላጅ ጽፏል። ሦስት ገጽ ነው። ልጆች በዚያ በር መግባት ከጀመሩ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ለሰማያዊው ዳክዬ ቀርቧል ይላል። እንደምታውቀው፣ ከማንኛውም የትምህርት ቤት በር እስከ እንደዚያ ያለ ሱቅ በእግር ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር መኖር አለበት። በድሮው በር ሦስት መቶ አሥራ አንድ ነው፣ ራስህ ነህ የለካኸው። በአዲሱ ግን ካነሰ...» ጠረጴዛውን አንድ ጣት ያህል ጨመረለት።

«ይዘጋል» አለ ኦኖ።

«ይዘጋል አልወጣኝም። እያየን ማለፋችን ያበቃል ነው ያልኩት።»

«የእህቴ ሱቅ እኮ ነው።»

ባስቲያን በመስታወቱ አሻግሮ ወደ ኮሪደሩ አየ። «ምነው ይሄን ባትነግረኝ» አለ።

«በልደቷ ቀን መጥተህ ኬክ በልተሃል።»

«እንደ ጓደኛ ነዋ የመጣሁት። ጓደኛህ ያውቃል። አለቃህ ግን እህት እንዳለህም አያውቅም። ሌላ ለካሚ ደግሞ የለኝም፤ ዮስት ጡረታ ከወጣ ወዲህ በቦታው ሰው አልተቀጠረም። እስከ ስምንት ሰዓት ለክተህ ና፣ ስብሰባ አለን።»

ኦኖ መለኪያ ጎማውን ከምድር ቤቱ አወጣ። ረጅም እጀታ ያለው፣ አንድ ዙር ሲሽከረከር አንድ ሜትር የሚሄድ፣ በየሜትሩም ቀጭ የሚል ቢጫ ጎማ ነው። በብስክሌቱ ጀርባ አስሮት በካፊያው ሄደ። የትምህርት ቤቱ አዲስ በር አረንጓዴ የብረት በር ነው፤ በግራና በቀኙ መቶ ምናምን ትናንሽ ብስክሌቶች ተደራርበው ቆመዋል፣ በመሬቱ ላይ ልጆች በኖራ የሳሉት ፀሐይ በዝናቡ ሟሙቷል። ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ቴሪንክ ጎማውን ገና በመስኮት ስታየው ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ዝናብ ላይ አቁማ አላነጋገረችውም፤ ቢሮዋ አስገብታ ቡና ቀዳችለት። ክፍሉ ሙጫና እርጥብ ካፖርት ይሸታል። በሩ እንዲከፈት ስድስት ዓመት እንደተለመነ፣ በድሮው በር በኩል መኪና ስለበዛ ሁለት ልጅ እንደተገጨ ነገረችው።

«እኔ ለዳክዬው ክፉ አልመኝም» አለች። «ከተማሪዎቼ አንዱም እዚያ ደጃፍ ቆሞ አያውቅም። እህትህ... ማለቴ የሱቁ ባለቤት፣ መታወቂያ ሳታይ ማንንም አታስገባም። ወላጆቹማ ልጃቸውን እዚህ አድርሰው በቀጥታ ወደዚያ የሚሄዱ አሉ። ይሄን ደብዳቤ የጻፈው ሰውዬ ራሱ...» ብላ ስኒዋን አነሳችና የቀረውን ከቡናው ጋር ዋጠችው።

«ራሱ ምን?» አለ ኦኖ።

«ቡናው አልቀዘቀዘብህም?»

ከዚያ ለካ። የጎማውን ጫፍ ከበሩ መቃን ላይ አቁሞ ቁጥሩን ዜሮ አደረገና መግፋት ጀመረ። በመለኪያ ደንቡ መሠረት እግረኛ በሚሄድበት ነው የሚለካው፤ አቋርጦ መሄድ የለም፣ መንገድ መሻገሪያው ጋ ደርሶ በቀጥታ መሻገር ነው። በጠባቡ መንገድ፣ በጫማ አዳሹ በኩል፣ ድልድዩን ወጥቶ፣ በቦዩ ዳር በመጻሕፍት ሱቁና በጥርስ ሐኪሙ ፊት፣ ቀጭ ቀጭ እያለ። ድልድዩ ላይ አንዲት ሴት ከብስክሌቷ ሳትወርድ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምታስነሱት?» ብላው አለፈች። የሰማያዊው ዳክዬ ደጃፍ ሲደርስ ጎማውን አቆመ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። ተመልሶ እንደገና ለካ፤ በዚህኛው የድልድዩን ጥግ ጥግ ይዞ ሄደ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ከአርባ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገፋ እግረኛ ሁሉ ጥግ ጥግ የሚሄድ ቢሆን፣ ሕፃናት ሁሉ ጠንቃቃ ቢሆኑ፣ ማንም በዓለም ላይ አቋርጦ ባይሄድ እያለ ያሰላ ነበር። ሦስተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት ከዘጠና ሆነ። ጎማ ዘመድ አያውቅም።

እህቱ ሂልከ በሦስት ዓመት ታንሰዋለች። ረጅም፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፤ ለማያውቃት ሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ትመስላለች። ሱቋም ከቤተ መጻሕፍት ያልተናነሰ ሥርዓት አለው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይገባም። ለአንድ ሰው ከአምስት ግራም በላይ አይሸጥም። በመስኮቱ ላይ ምን እንደሚሸጥ የሚናገር አንድም ቃል የለም፣ ማስታወቂያ ክልክል ነዋ፤ ያለው አንድ ሰማያዊ ዳክዬ ብቻ ነው፣ ከተማው ሁሉ ግን ዳክዬ እንደማትሸጥ ያውቃል። አልኮል ክልክል ነው። ሲጋራም ክልክል ነው፤ ያን ቀን ጧት እንኳ አንድ ጎልማሳ ሐሺሹን ከትምባሆ ጋር ቀላቅሎ ሲጠቀልል ተገኝቶ፣ ስለ ጤናው ተብሎ በትሕትና ወደ ዝናቡ ተሸኝቷል። በፊት በር የምትሸጠውን እያንዳንዱን ግራም ግብር ትከፍልበታለች፤ ግብር ሰብሳቢውም አመስግኖ ይቀበላል። ያው ዕቃ በኋላ በር ሲገባ ግን ወንጀል ነው፤ መግዛቱን የፈቀደ ፖሊሲ የለም። ስለዚህ በመንግሥት ዓይን የሂልከ ዕቃ ከየትም አይመጣም። እንደ መና ሌሊት ይወርድና ጧት መደርደሪያው ላይ ይገኛል።

ኦኖ ሁልጊዜ በኋላ በር ገብቶ ምሳውን ከእህቱ ጋር በወጥ ቤቱ ይበላል። ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ እናታቸው ትጠቀምበት የነበረ ድስት። ሂልከ የአተር ሾርባ በጥቁር ዳቦ አቀረበችለትና ቁጭ ስትል የኋላው በር ሁለቴ ተንኳኳ። «ዳቦ ጋጋሪው ነው» አለች። ዳቦ ጋጋሪ የሚሉት ሰው ሕይወቱን ሙሉ ዳቦ ጋግሮ አያውቅም። ኦኖ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደለመደው፣ ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። በአገሩ ልማድ የልደት ቀን መቁጠሪያው የሚሰቀለው እዚያ ነው፤ ሰው ቁጭ ባለበት የማን ልደት እንደደረሰ እንዲያይ። ኦኖ በነዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ቆሞ እያነበበ የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የስምንቱን የሱቅ ሠራተኞች ልደት በቃሉ ያውቃል። የዳቦ ጋጋሪውን ፊት ግን አያውቅም። ድምፁን ብቻ፣ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ድምፅ። የከረጢት መጎተት፣ የሚዛን መደወል፣ ከዚያ በሩ ተዘጋ። ኦኖ ለወጉ ውኃ ለቀቀና ተመለሰ።

«ጎማህን እየገፋህ ስትመጣ ስድስት ሰው ደውሎልኛል» አለች ሂልከ። «ስንት ሆነ?»

ሾርባውን እፍ አለው።

«ኦኖ፤ ስንት ሆነ?»

«ያንሳል።»

«በስንት?»

«በአሥራ ሁለት ሜትር።»

እጇን በፎጣ ጠረገች፤ ደረቅ ነበር። ከፊት ለፊቱ ክፍል የአንድ ደንበኛ ሳል ተሰማ። «ስምንት ሰው የሚተዳደርበት ቤት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማርቲን ባለፈው ወር ነው ቤት የገዛው። እኔ ደግሞ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ወጥቼ ማን ይቀጥረኛል? የቀድሞ ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ ምን ልል ነው?» መልስ አልጠበቀችም። «ዋሽልኝ አልልህም። አታውቅበትም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ለዚህ ከተማ ስትለካ አንድ ቀን እጅህ ቢንቀጠቀጥ ማን ይታዘብሃል? አሥራ ሁለት ሜትር የምትሆን ወንድምነት አጣህ?»

«ቁጥሩ የኔ አይደለም፣ ሂልከ።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የመንገዱ።»

ሂልከ ተነሥታ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቀች። ዝምታ ለነሱ ቤት እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤት ያደጉ ልጆች ናቸው። አባታቸው ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ይኖራሉ። ሁለቱ ልጆች እሑድ እሑድ ሲጠይቋቸው፣ አባትዬው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው «ንግድ እንዴት ነው?» ይሏታል። «ደህና ነው አባዬ» ትላለች። «ቅጠሉ ይሸጣል?» «ይሸጣል አባዬ።» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሻይ የማይጠጣ ሰው የለም።» ስለ ሻይ ነው የሚወራው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ የለም፤ ግን ሦስቱም ሻይ ይጠጣሉ። ኦኖ ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን አጠበ፣ አደረቀ፣ ቦታው መለሰ። ሂልከ ዞር ብላ ሳታየው ወደ ሱቁ ተመለሰች።

ስብሰባው የተደረገበት ክፍል በሩ ላይ «ግልጽነት» የሚል ስም ተጽፎበታል፤ ሁሉም የስብሰባ ክፍሎች እንዲህ ያለ ስም አላቸው። መጋረጃው ተዘግቷል። ባስቲያን አለ፣ ወይዘሮ ቴሪንክ አለች፣ የማዘጋጃ ቤቱ የሕግ ባለሙያ ፍሌር ደግሞ የሕንፃውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ፍሌር ቀጭን፣ ፈጣን፣ ፈገግታዋ የማይለያት ሴት ናት።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት» አለ ኦኖ። ይህን ለማለት ከምሳ ጀምሮ ሲዘጋጅ ነበር። እህቱን በአንድ ቁጥር እንደቀበራት ነው የተሰማው። ሦስቱን ልኬቶች ጽፎ የፈረመበትን ወረቀት ወደ መካከል ገፋው። ማንም አላነሳውም። ባስቲያን እጁ የለመደውን ቁልፍ በጠረጴዛው ሥር ፈለገ፤ ይኼኛው ጠረጴዛ አይንቀሳቀስም።

«ጥሩ ልኬት ነው» አለች ፍሌር። «አመሰግናለሁ። ግን የተለካው ከምኑ ነው?»

«ከበሩ።»

«የቱ በር?» አለች፤ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አኖረች። «እዚህ የግንባታ ፈቃዱ ላይ ያለው 'የጥገና መግቢያ' ነው የሚለው። ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለሣር አጫጅ። የትምህርት ቤት በር ማለት ተማሪ የሚገባበት ነው። ይሄ የትምህርት ቤት በር አይደለም።»

«በየቀኑ አራት መቶ ልጅ ያልፍበታል እኮ» አለች ወይዘሮ ቴሪንክ። በሩን ሊዘጉባት መስሏት ፊቷ ቀልቷል።

«እሱ ትክክል አይደለም» አለች ፍሌር። «ተማሪ በጥገና መግቢያ መግባት የለበትም። ግን እያየን እናልፈዋለን።»

ኦኖ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። «ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው ሲገቡ ነው እያያችሁ የምታልፏቸው?»

«በጽሑፍ» አለችው ፍሌር። «ቅድመ ሁኔታዎች ይኖሩታል። በበሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም አይጻፍም፣ ደወል አይኖርም፣ ኑ ግቡ የሚል ማስታወቂያ አይለጠፍም። ቁጥሩም በጣም እንዳይበዛ ጥረት ይደረጋል። በየሁለት ዓመቱ እንገመግመዋለን።»

ወይዘሮ ቴሪንክ ከባስቲያን ወደ ፍሌር፣ ከፍሌር ወደ ሥዕሉ አየች። በሩ እንደማይዘጋ ስትረዳ ትከሻዋ ወረደ። «ለኔ ምንም አይደል» አለች፤ «ልጆቹ ማንበብ ቢችሉም ፈቃድ አያነቡም።» ባስቲያን ሳቀ፤ ከጧት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። ለወላጁ የሚላከው መልስ እዚያው ተረቀቀ፦ ከትምህርት ቤቱ መግቢያ እስከ ሱቁ ያለው ርቀት ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሜትር መሆኑ በከተማው ለካሚ ተረጋግጧል። ፍሌር ወረቀቱን አትማ ከነብዕሩ በኦኖ ፊት አስቀመጠች።

«የኔ ልኬትስ?» አለ።

«ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ልኬት አንጥልም። ከመልሱ ጋር አናያይዘውም እንጂ።»

ብዕሩን አነሳ፣ አልፈረመም። «የዓሣ ሻጩ አግዳሚ ወንበር አለ» አለ። «አርባ ሳንቲ ሜትር። እሱንም ለምን የጥገና ወንበር አንለውም?»

ባስቲያንና ፍሌር ተያዩ። ነውር ነገር የተናገረ ሽማግሌ ፊት እንዳሉ ነው የሆኑት። «ኦኖ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው» አለ ባስቲያን። «ሰውየው ፋይል የለውም።»

«ፋይል እንዲከፈትለት ምን ያስፈልገዋል?»

«በዛ ያለ ጥፋት» አለች ፍሌር፣ ከልቧ ልትረዳው ፈልጋ። «ለአርባ ሳንቲ ሜትር ፖሊሲ ማውጣት አይቻልም። ወንበሩ መቶ ቢሆን፣ መንገዱን ሁሉ ቢዘጋ፣ ሰፈሩ ለሁለት ቢከፈል፣ ጋዜጣ ቢጽፍ፣ ያኔ ቁጭ ብለን እናየው ነበር።»

ከድሮው በር ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሜትር መሆኑ እውነት ነው። ራሱ ነው የለካው። ኦኖ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ፤ ውሸት የሆነ ቃል ፈለገ፣ አንድም አጣ። ፈረመ። ከክፍሉ ሲወጣ አፉ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም ነበረው። በአንድ ቀን ሁለት እውነት ፈርሞ አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል በብስክሌቱ በቦዩ ዳር አለፈ። ዓሣ መሸጫው ጋ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች የጣውላውን ወንበር በግራና በቀኝ ይዘው መኪና ላይ እየጫኑት ነው። አንዲት አሮጊት ዓሣዋን በወረቀት ይዛ፣ መደገፊያ ጋሪዋን ተመርኩዛ፣ መቀመጫ አጥታ ቆማ ታያለች። ኦኖ ሳያስበው ብሬክ ያዘ። ቲመን ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ አየውና እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ደህና አድርገህ ነው የለካኸው» አለው። «እኔም በኋላ በራሴ ሜትር ለካሁት። አርባ ነው። አንድ አትጨምርም አንድ አትቀንስም።»

ኦኖ ስብሰባው ላይ የወንበሩን ነገር እንዳነሳለት ሊነግረው አሰበ፣ ግን ምን ብሎ? ጥፋትህ ስላነሰ ነው የተፈረደብህ ይለዋል?

«ሄሪንግ ልስጥህ?» አለ ቲመን። «እኔ ለመጣ ሁሉ እሸጣለሁ። ሽንኩርት ይኑረው?»

«ይኑረው።»

አሮጊቷ አጠገብ ቆሞ በላ። ሴትዮዋ እሱ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ «ቆሜ ስበላ ያንቀኛል» አለችው፣ እንደ ሐዘንተኛ። መኪናው ወንበሩን ይዞ ሄደ። በመንገዱ ላይ አራት እግሮቹ የቆሙበት ደረቅ ቦታ ታየ፣ ወዲያውም ዝናቡ ሞላው።

ሰማያዊው ዳክዬ ጋ ሲደርስ የኋላው በር ተቆልፏል። ገጥሞት የማያውቅ ነገር ነው፤ ከፊት ለፊት ሳቅ ይሰማል። ዞሮ በፊት በር ገባ። ሂልከና ሠራተኞቿ ባንኮኒው ዙሪያ ተሰብስበዋል፤ መሐላቸው ላይ ትልቅ የፖም ኬክ ተቆርጦ ተቀምጧል። ሂልከ ስታየው መነጽሯን አውልቃ መጣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እናታቸው ከተቀበረች ወዲህ አቅፋው አታውቅም።

«ፍሌር ደወለችልኝ» አለች በጆሮው። «ሦስት መቶ አሥራ አንድ። ፈርሞበታል አለችኝ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ይሄ ሰው በሕይወቱ አንዲት ሳንቲ ሜትር ዋሽቶ አያውቅም። ልጅ ሆነን እንኳ፣ እኔ ኩኪስ ስሰርቅ፣ አባዬ ማነው ካሉት እሷ ናት ይል ነበር። ዛሬ ለኔ ሲል...» ድምፅዋ ተሰበረ። ማርቲን፣ ቤት የገዛው፣ የኦኖን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። አንዷ ሠራተኛ የኬኩን ትልቁን ቁራጭ በሳህን አቀረበችለት። ከባንኮኒው ጫፍ የተቀመጡ ሁለት ደንበኞች፣ ነገሩ ባይገባቸውም፣ አጨበጨቡ።

ኦኖ ሳህኑን ይዞ ቆመ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ከተማው ሁሉ ዝም ይላል፤ አለቃው፣ ርእሰ መምህርቷ፣ ግብር ሰብሳቢው፣ አባቱ፤ እሱም መጸዳጃ ቤት በር ዘግቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሏል። ኬኩ ሞቅ ያለ ነው፣ ቀረፋ ይሸታል። የእህቱ ዓይን እንባ አቅርሯል። ወደ አፉ አንድ ማንኪያ አደረሰና መለሰው።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው ያልኳቸው» አለ።

ሂልከ ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነው። «ለማን?»

«ለስብሰባው። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ብዬ ፈርሜ ሰጠኋቸው። በሩን በር አይደለም ያሉት እነሱ ናቸው። ከድሮው በር ያለውን ነው በኋላ የፈረምኩት።»

ማርቲን እጁን ሰበሰበ። አንዷ ሠራተኛ ኬክ የቆረጠችበትን ቢላ ማጠብ ጀመረች።

«እንዲህ ይላሉ ብለህ አውቀህ ነበር?» አለች ሂልከ።

«አላወቅሁም።»

«ይዘጋል ብለህ ነው እንግዲህ የሰጠሃቸው።»

«አዎ።»

እህቱ አልጮኸችም፤ ከአባታቸው ቤት የወጣ ሰው አይጮህም። መነጽሯን አጠለቀች። ባንኮኒውን ዞራ ወደ ቦታዋ ገባች፣ ከማሽኑ ቡና ቀዳች፣ ስኒውን በማስቀመጫው ላይ አድርጋ፣ ማንኪያውን በቀኝ፣ ስኳሩን በግራ፣ ከፊቱ አኖረችለት። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ወደ ሥራቸው ተበተኑ። ኦኖ ባንኮኒው ጋ ተቀመጠ፤ በደንበኞች በኩል ተቀምጦ አያውቅም፣ ከዚያ ሲታይ ሱቁ ጠባብ ነው። ቡናውን ቀስ ብሎ ጠጣው። አንድ ነገር ትናገረው እንደሆን ጠበቀ፤ እሷ ግን ሚዛኑን በጨርቅ ታብሳለች። ጨርሶ ሲነሣ ቀና አለች፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በምትሰጠው ጥሩ ፈገግታ።

«ሁለት ዩሮ ከሰማንያ» አለች።

ኪሱን ዳበሰ፤ ሦስት ዩሮ አገኘ። ተቀብላ መዘገበችና ሃያ ሳንቲሙን በትንሿ ሳህን መለሰችለት።

«ደረሰኝ ይፈልጋሉ?» አለችው።